ልብስ ሰፊውና የምጽዋ ጨው

መንግስትኣብ እብጠቷን ያገኛት በጣቱ ነው። ዓይኑ ቀኑን ሙሉ ከመርፌ ቀዳዳ ጋር ሲታገል ይውላልና አመሻሽ ላይ ብዙም አይታመንም፤ ጣቱ ግን አይስትም። ከሱቁ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ እጁን ከሸራው ስር አስገብቶ የትንሿን መኪናውን፣ የሰይቸንቶዋን፣ ገላ ከፊት መብራቷ እስከ ኋላዋ ይዳብሳል። የዚያን ዕለት በሾፌሩ በኩል ባለው በር ታችኛው ጠርዝ ላይ ጣቱ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ነካ። ጫን ሲላት ተንኮሻኮሸች። ቀለሙ ተሰንጥቆ ከስሩ ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ።

«ዝገት!» አለ፣ ደጁ ላይ የቆመ ጠላቱን በስም እንደሚጠራ ሰው።

ከተንበረከከበት ሳይነሣ ቀና ብሎ የግቢውን ጥግ አየ። እዚያ ያለችው ትንሽ ክፍል መስኮቷ ክፍት ነበር። ታናሽ ወንድሙ ኣስመላሽ አልጋው ላይ ተቀምጦ የተበጠሰ የፕላስቲክ ሸዳ ጫማውን በጋለ ቢላዋ ያጣብቃል። ቀና ብሎ ወንድሙን አየና ፈገግ አለ። መንግስትኣብ ፈገግታውን አልወደደውም።

ጊዜው ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ክረምት ነው። ኣስመላሽ ጢሙ ሳያበቅል በረሃ ወጥቶ፣ ፀጉሩ ሳስቶ የተመለሰ ታጋይ ነበር። ካንድ እናት ከተወለዱት የተረፉት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። መንግስትኣብ ጸጸራት ሰፈር ካለው ቤቱ አንዲቱን ክፍል ኖራ ቀብቶ «ይህች ያንተ ናት» ሲለው አልቅሶ ነበር። ከዚያ ዕንባውን ጠረገና «አንድ ነገር ብቻ፤ ማኪናዋን እንዳትነዳት» አለው።

መንግስትኣብ መኪናዋን የተዋወቃት ልጅ ሆኖ አንዲት ጣሊያናዊት ልብስ ሰፊ ቤት ገበር እየጠለፈ ሲማር ነው። ሴትዮዋ በደርግ ዘመን አገር ለቃ ስትሄድ የልብስ መስፊያውንም የወተት መልክ ያላትን ፊያት ሰይቸንቶም ለእሱ ትታለት ሄደች። የዚያን ጊዜ መኪና ያለው ሰው እንቅልፍ አልነበረውም፤ ወታደር ካየ «ለዘመቻ ትፈለጋለች» ብሎ ይወስዳል። መንግስትኣብ አንድ እሑድ ዓዲ ጓዕዳድ ወደሚገኘው ወደ እናቱ ቤት ነዳት፣ ጎማዎቿን ፈታ፣ ድንጋይ ላይ አሳረፋትና ጭድ ከመረባት። የጦርነቱን ዘመን እዚያው ጭድ ውስጥ አሳለፈችው። ከብቶቹ እየተሻሹባት፣ ዶሮዎች ጣሪያዋ ላይ እየተኙ፣ አንዲት የዝገት ነጥብ ሳይወጣባት ነጻነትን አየች። ጎረቤት ሁሉ ሊያያት መጣ። አንዳንዱም በቅናት ነው የመጣው ብሎ መንግስትኣብ እስከ ዛሬ ያምናል።

ከነጻነት በኋላ የምጽዋ መንገድ ተከፈተና ከተማው ባሕር አማረው። መኪና ያለው ሁሉ ዘመድ ጠቅጥቆ ቁልቁል ይወርዳል፣ በአሸዋ ላይ ይሽከረከራል፣ ጨው ጠግቦ ይመለሳል። ዓመት ሳይሞላ መንግስትኣብ የመንደሩን መኪኖች የዛገ ፓራፋንጎ፣ የጎማ መከለያ፣ እያየ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። አንድ ጎረቤቱማ የመኪናው ወለል ከነወንበሩ መንገድ ላይ ወደቀበት። መንግስትኣብ የዚያን ዕለት ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ እሱ ሰይቸንቶዋን ወደ ምጽዋ አይወስዳትም፤ ባለቤቱ የሺሀረግ ባሕር አይታ የማታውቅ ብትሆንም አይወስዳትም። ሁለተኛ፣ ጨው ከዓሣ ጫኝ መኪና በሚንጠባጠብ ውሃ ሆኖ አስመራ ድረስ ሊመጣ ይችላልና መግቢያ ሊያገኝ አይገባም። ሆድዋን በካትራሜ፣ በጥቁር ሬንጅ፣ ቀባት። ከበሮቿ ስር የነበሩትን ቀዳዳዎች ሁሉ፣ ልብስ ከነቀዳዳው ለደንበኛ አስረክቦ እንደማያውቅ ሰው፣ አንድ በአንድ በዚያው ደፈነ። ከላይ ሸራ አለበሳት፤ ገመዱን ራሱ ብቻ በሚያውቀው ቋጠሮ አሰረው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተደርጎ ዝገቱ ከየት መጣ?

ወጥ ቤት ገባ። የሺሀረግ ሽንኩርት ትከትፋለች። አባቷ ከደሴ መጥቶ አስመራ የቀረ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሷ አስመራ ተወልዳ አስመራ አደገች፣ በእሷና በመንግስትኣብ ቤት የሚነገረውም ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ትግርኛ ነው።

«የሺ፣ ዛሬ መኪናዋን ማን ነካት?»

«ጅብ» አለች ቢላዋዋን ሳታቆም።

«እየጠየቅሁሽ ነው።»

«እኔም እየመለስኩልህ ነው። ለእሷ የገዛኸውን ሸራ የሚያህል ብርድ ልብስ ለእኔ ገዝተህልኝ ታውቃለህ?»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። አሁን ግን በሆዱ «ለምን ቀለደች?» አለ። ሰው የሚቀልደው ሊሸሽ ሲፈልግ ነው። የቤቱም ይሁን የግቢው በር ቁልፍ ያለው በእሷ እጅ እንደሆነም ትዝ አለው።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ከኪሱ የልብስ ጠመኔውን አወጣ። ሸራውን ገለጥ አድርጎ ከኋላ ጎማዋ ጀምሮ እስከ ሲሚንቶው ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር አሰመረ። የዩኒፎርም ስፌት በዝቶበት ስለነበር ምሳውን ሱቅ በልቶ አመሻሽ ላይ ተመለሰ። የጎማው መስመርና የመሬቱ መስመር አልተገናኙም። በጥድፊያ እንደተሰፋ ስፌት፣ ጣት በሚያህል ተላልፈዋል።

ተንቀሳቅሳለች ማለት ነው።

የሞተሩ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው፤ በሮቿ ግን ግቢ ውስጥ ስለሆነች አይቆለፉም። ደግሞስ ታጋይን ቁልፍ ያግደዋል? እነዚህ ሰዎች የማረኩትን ከባድ መኪና በሁለት ሽቦ አስነሥተው ተራራ ያወጡ ነበር ሲባል ሰምቷል። ኪሎሜትር መቁጠሪያዋ ከተሰበረ ቆይቷል። ነዳጁን በቀጭን ዘንግ ለካው፤ አልቀነሰም። ቀንሶ ቢያገኘው ይቆጣ ነበር፤ አለመቀነሱ ግን ይበልጥ አስፈራው። ወስዶ የሚተካ ሰው አስቦበት የሚወስድ ነው። በሩን ከፍቶ አሸተተ። ውስጧ እርጥብ እርጥብ፣ የረጋ ውሃ ውሃ ይሸታል። በልጅነቱ አንዴ ምጽዋ ወርዶ ነበር፤ ወደቡ እንዲህ አይሸትም ነበር? መሰለው።

በሦስተኛው ቀን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ዛጎል አገኘ። ነጭ፣ ጫፉ የተሸረፈ፣ የባሕር ዛጎል።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ኣስመላሽ ሰጠኝ» አለች የሺሀረግ። «ጆሮሽ ላይ ብታደርጊው ባሕሩ ይሰማሻል አለኝ። አድርጌ ሰማሁት። ሌላ ባሕር የሚያሳየኝ ሰው ስለሌለኝ።»

መንግስትኣብ ዛጎሉን መልሶ አስቀመጠ። ነገሩ በሙሉ በዓይኑ ፊት ተሰፍቶ አለቀ፤ እሱ ሲወጣ የግቢው በር ይከፈታል፣ ሁለቱ እየሳቁ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ሰይቸንቶዋ ጨው ውስጥ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ሲያስበው ያቃጠለው መኪናዋ ብቻ አልነበረችም። እሱ የሌለበት ሳቃቸውም አቃጠለው።

እራት ላይ እንጀራውን እየቆረሰ ሳይጎርስ፣ «ኣስመላሽ፣ ማኪናዋን ነድተሃታል?» አለ።

ኣስመላሽ ቀስ ብሎ አየው። «ኣይፋል፣ ኣያ። አልነዳኋትም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እወ።»

አልነዳኋትም አለ እንጂ አልነካኋትም አላለም። መንግስትኣብ ይህን ልክ እንደ ላላ የልብስ ቁልፍ ያዘው።

«ደህና። ነገ ዘርዓይ ጋራዥ አብረን እንሄዳለን። እሱ የዝገትን ዘር ያውቃል። ከምጽዋ የመጣ ከሆነ ይነግረኛል። እንደዚያ ከሆነ እኔና አንተ ባንድ ግቢ አንኖርም።»

«መንግስትኣብ!» አለች የሺሀረግ። «ስንት ዓመት ሙሉ ‹ወንድሜን፣ ወንድሜን› ስትለኝ ኖረህ፣ ለቆርቆሮ?»

«ለቆርቆሮ አይደለም። ለውሸት ነው።»

«ጽቡቕ፣ ደህና» አለ ኣስመላሽ፤ እጁን ታጥቦ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሏት ወደ ክፍሉ ሄደ። ሲሄድ መንግስትኣብ ጀርባውን አየ። ጀርባው ምንም አልነገረውም።

ጠዋት ኣስመላሽ ከክፍሉ ሲወጣ ከበረሃ ይዞት የመጣውን የጨርቅ ቦርሳ ይዟል። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልብሴ ነው።»

መንግስትኣብ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሲታጠፍ ሰማው፤ ቸል፣ ቸል። በጀሪካን ውስጥ ውሃ እንደሚወዛወዝ። ቦርሳውን በዓይኑ ጫፍ አየው። በሚቀጥለው መታጠፊያ እንደገና፤ ቸል።

«ልብስ ነው አልክ?»

«ልብስ ነው።»

«ልብስ ይጮኻል?»

ኣስመላሽም ጆሮውን አቁሞ ነበር። «እኔም እየሰማሁት ነው» አለ። መንግስትኣብ በዚህ ድፍረት ተገረመ። የባሕር ውሃ በጠርሙስ ይዞ ነው፤ ለየሺሀረግ ሊሰጣት ነው፤ አለዚያ ምን ሊሆን ይችላል? መሪውን ጨምቆ እስከ መደበር፣ እስከ ብረት ቀጥቃጮቹ ሰፈር፣ ነዳት።

ዘርዓይ የባትላሜራ፣ የመኪና ቆርቆሮ ቅጥቀጣ፣ ሠራተኛ ነው፤ መዶሻ ቤቱ የቆርቆሮ ጩኸት ከሚሰማበት ከዚያ ሰፈር አንዱ ጥግ ላይ ነው። ከመኪና ስር ሲወጣ ጢሙ በስቱኮ ዱቄት ነጥቶ ሽማግሌ መስሏል።

«ኣንታ መንግስትኣብ! ሙሽራህን ዛሬ ያለ መጋረጃዋ አመጣሃት?»

«ቀልዱን ተወውና ይህን እይልኝ። ጨው ነው አይደለም? ጨው ነው በለኝ።»

«ገና ሳላያት መልሱን ሰጠኸኝ እኮ» አለ ዘርዓይ። ተቀምጦ እብጠቷን በጥፍሩ ጫረ። ከዚያ የበሩን ላይኛ ክፍል በጣቱ አንጓ መታ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። እየመታ ወረደ፤ ታች ሲደርስ ድምፁ ታፈነ። ጆሮውን ለጠፈበትና በሩን ያዝ አድርጎ ወዘወዘው። ቸል አለ።

መንግስትኣብ ወደ ኣስመላሽ ዞረ። ኣስመላሽ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ ከመኪናዋ ርቆ ቆሟል።

«በሯ ውስጥ ዓሣ ታረባለህ?» አለ ዘርዓይ። ካቻቢቴውን አንስቶ በበሩ ታችኛ ጠርዝ በኩል የደረቀውን ካትራሜ ወጋና ጠመዘዘው። ጥቁሩ ድፋን ወለቀ፤ ከኋላው ቡናማ ውሃ ዘርዓይ ጫማ ላይ ተፈናጠረ። ከእንስራ እንደሚቀዳ ወረደ፣ ወረደ፣ መሬቱ ላይ ተንጣለለ። የረጋው ሽታ ወጣ። መንግስትኣብ ሰሞኑን ሲያሸተው የሰነበተው ያ ሽታ ነበር።

ልብስ ሰፊው በንጹሕ ሱሪው ተንበረከከ። ጣቱን ከሚወርደው ውሃ ነክሮ አፉ ውስጥ ከተተ። ዘርዓይ መሳቁን ተወ።

ጨው የለውም። ቀኑን ሙሉ ከንፈሩ መካከል ይዞት የሚውለው የመርፌ ጣዕም ነው ያለው። ብረትና የዝናብ ውሃ፤ ሌላ ምንም። መንግስትኣብ ያንን ጣዕም ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እንደገና ቀመሰው፤ ሌላ እንዲሆንለት የፈለገ ያህል።

«ዝናብ በመስኮቷ ጎማ በኩል ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል» አለ ዘርዓይ። «ሲሠሯት ጀምሮ እንዲህ ነው። በታች በኩል እንዲወጣ ቀዳዳ ተሰጥቶታል። ይህን ማን ነው የደፈነው? የትኛው ጅል?»

መንግስትኣብ ጣቱን በሱሪው አበሰ። ከዚያ ኣስመላሽ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «በጦርነቱ ጊዜ ይሆናል» አለ። «ጭድ ውስጥ ሳለች… ማን ያውቃል።»

መንግስትኣብ ወንድሙን አየው። ካትራሜውን ሲቀባ ባልዲውን ይዞለት የነበረው ማን ሆነና? እያወቀ ነው የሸፈነለት።

«እኔ ነኝ» አለ መንግስትኣብ። «ባለፈው ዓመት። ጨው እንዳይገባ ብዬ።»

«ኣንታ ሰብኣይ! ኪስ ሰፍተህ አፉን ዘጋኸው እኮ!» ዘርዓይ ከትከት ብሎ ሳቀ። ወደ ሌላኛው በር ዞሮ ያንንም ወጋው። ጥቂት ጠብታ ወረደና ቆመ። ግራ ገባው። «ይህችኛዋ ደግሞ ደረቅ ናት። ይህኛው ጎኗ ፀሐይ አግኝቷል። ፀሐይ የሚያሞቃት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኣስመላሽ፤ መሬቱን እያየ። «ሸራው ከዝናብ በኋላ ላብ ይይዛል። በረሃ ማኪና ስንደብቅ አይቻለሁ፤ እርጥብ ሸራ ታስሮባት የቆየች ማኪና ትታመማለች። ጠዋት ኣያ ሲወጣ፣ አስተሳሰሩን አይቼ የለመድኩትን ቋጠሮ ፈትቼ፣ ሸራውን ገልጬ ፀሐይ እስከሚያርፍበት ግድግዳ ድረስ እገፋታለሁ። ከመምጣቱ በፊት እመልሳታለሁ። የሺ በኋላ በኩል ትገፋልኛለች።» ቀና ብሎ ጨመረ፤ «እንዳትነዳት ነው ያልከኝ። አልነዳኋትም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠመኔውን አይቼዋለሁ፣ ኣያ።»

መንግስትኣብ ኪሱ ውስጥ ጠመኔዋን በጣቱ ነካት።

«ዛጎሉስ?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ለራሱም አሳፈረው።

«እሱ ከነጻነት በፊት ነው። ባሕሩ ዳር አንድ ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ። ይዤው ዞርኩ።» ጓደኛው አሁን የት እንዳለ ኣስመላሽ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም።

ዘርዓይ ሌሎቹንም ድፋኖች ሁሉ አወጣ። የበሰበሰውን ጠርዝ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፤ ቀዩን የዝገት መከላከያ ግን ሊቀባ እምቢ አለ። «እርጥብ ላይ አልቀባም። በሮቿን ከፍተህ ፀሐይ ላይ አቁማት፤ ስትደርቅ አምጣት። ያንን ሸራም እህል አስጣበት።»

«በቀዳዳዎቹ በኩል ግን ጨው ቢገባስ?» አለ መንግስትኣብ።

«ይገባል። ታጥበዋለህ፣ ይወጣል። ምነው፣ ሰው ሁሉ ሌባ ነው?»

ሲመለሱ ሰይቸንቶዋ በመታጠፊያው ላይ ድምፅ አላሰማችም። ዝምታው ለመንግስትኣብ ከቀድሞው ጩኸት ከበደው። ከገበያው ከፍ ብሎ ካለው ፌርማታ ሲደርሱ ኣስመላሽ፣ «እዚህ ጋ አውርደኝ» አለ።

«ለምን?»

«ወደ ጓዶቼ እሄዳለሁ፤ ካምፕ ቦታ አለ።»

«ጨው አይደለም እኮ!»

«አዎ፣ አይደለም። ነገ ግን ሌላ ነገር ይሆናል፣ ኣያ። አንተ መጥፎ ሰው አይደለህም። እኔም ብሆን መስመር እየተሰመረብኝ መተኛት አልችልም። እሱን በረሃ ጠግቤያለሁ።» እጁን ወደ በሩ መክፈቻ ሰደደ።

መንግስትኣብ አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ፍሬን ያዘ። ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ወርዶ መኪናዋን በፊቷ በኩል ዞረ፤ ወንድሙ ከነቦርሳው ሲወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠለትና በተከፈተው በር ገብቶ ራሱ በወንድሙ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣጠፈ።

«ኣያ፣ ምን ማለት ነው?»

«ንዳት።»

ከኋላ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ክላክሱ ጮኸ። አንድ ሰው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ያችን የወተት ጣሳ አንሡልን!» አለ። ሌላው፣ «አታዩም፣ ሽማግሌውን ለጋብቻ እየለመነው ነው!» ብሎ አውቶቡሱን አሳቀው። ኣስመላሽ ወደ አውቶቡሱ፣ ወደ ቁልፉ፣ ወደ ወንድሙ አየ። መንግስትኣብ ፊቱን ወደ ፊት አቅንቶ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ግን ይመታል።

«ኣያ፣ በጃኻ፣ ሰው ይስቃል።»

«ይሳቅ። መንዳት የሚያውቅ አንተ ነህ፤ እኔ አልንቀሳቀስም።»

ክላክሱ አሁንም ጮኸ። ኣስመላሽ ቦርሳውን በኋላ ወንበር ላይ ወረወረው። በሾፌሩ በኩል ዞሮ ገባ። ወንበሩ ለረጅም እግሩ ጠበበው፤ ሊያስተካክለው ፈልጎ ወደ ወንድሙ አየ።

«ግፋው» አለ መንግስትኣብ። «ከስሩ ብረት አለ።»

ሞተሯ ተነሣች። ከአውቶቡሱ ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። ጥቂት ሄደው መንታ መንገዱ ጋ ሲደርሱ ኣስመላሽ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ወዴት ነው?»

«ቤት። ስትደርቅ ዘርዓይ ይቀባታል። ከዚያ የሺን ይዘን ባሕሩን ታሳየናለህ። ስንመለስ ግን ከስሯ በንጹሕ ውሃ ታጥባታለህ። በሁለቱም በሮች። በደንብ።»

«እወ» አለ ኣስመላሽ።

መንግስትኣብ ከኪሱ ጠመኔዋን አውጥቶ በጣቶቹ መካከል ትንሽ አገላበጣት፤ ሊወረውራት መስኮቱን ሊከፍት ሲል ደግሞ ተወው። ነገ ዩኒፎርም ያሰምርባታል። ኣስመላሽ መታጠፊያው ላይ ማርሽ ሲቀይር መንግስትኣብ ጆሮውን አቁሞ የሞተሩን ድምፅ አዳመጠ።

«ቀስ» አለው፤ «ሁለተኛዋ ማርሽ ትጠነክራለች።»